ቁልፉ በማን እጅ ነው? ከፕላዝማ እስከ ታብሌት



እንደሚታወቀው በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ላይ የዓመቱን ግባችንን ጽፈን እንድናስገባ እንጠየቃለን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «ቴክኖሎጂን በክፍል ውስጥ በፈጠራ መጠቀም» የሚል ረድፍ በቅጹ ላይ ተጨምሯል። የብዙዎቻችን መልስ አንድ ዓይነት ነው። «በሳምንት ሦስት ቀን ታብሌት እጠቀማለሁ»፣ «በወር ሁለት ጊዜ ፊልም አሳያለሁ»፣ «ፕሮጀክተር ከተገኘ በፕሮጀክተር አስተምራለሁ»። እንዲህ ያለው ግብ ለቁጥጥር ይመቻል፤ ይቆጠራል፣ ለሪፖርትም ይሆናል። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ብታነቡት በውስጡ ተማሪ የለም። ዕቃው ስንት ጊዜ እንደተበራ ይነግረናል እንጂ ልጁ ምን መሥራት እንደቻለ አንድም ቃል አይናገርም።

ይህንን ትችት ከባዶ ተነስቼ አይደለም የምጽፈው። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ትልቅ ልምድ አለን፤ ስሙም ፕላዝማ ይባላል።

እኩዮቼ የሆናችሁ ታስታውሱታላችሁ። በ1997 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2004/05 መሆኑ ነው) በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ትልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት ይሰራጫል፤ ፕሮግራሞቹን ያዘጋጀው ሳሳኒ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ሲሆን ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ አነጋገሩም የደቡብ አፍሪካ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ዜጋ ሁሉ በፕላዝማ ሆነ። ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን ስክሪኑ ይወስዳል፤ የተረፈችው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ተከፋፍላ ለመምህሩ ትሰጣለች። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ።

ለፍትሕ ሲባል መልካሙን ላስቀድም። ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር ባልነበረበት ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ ቀለም ሲለወጥ ያየሁት በፕላዝማ ነው። ሴል ሲከፈል ያየሁትም በፕላዝማ ነው። የገጠሩም የከተማውም ልጅ እኩል ትምህርት ያግኝ የሚለው ሐሳብ የሚናቅ አልነበረም፤ የሠለጠነ መምህር ባነሰበት አገር ሌላ ምን ይደረግ ለሚል ሰውም መልስ መስጠት ቀላል አይደለም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፕላዝማው አይቆምም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ማን እንደመለሰ፣ ማን እንዳልመለሰ የሚያውቀው ነገር የለም። ስልሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ግማሹ ገና ጥያቄውን ደብተሩ ላይ እየገለበጠ ነው እኮ! መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አይጠብቅህም፤ መብራቱ ሲመለስ እሱ ርዕስ ተሻግሮ ታገኘዋለህ። እጅ ማውጣት ትርጉም አጣ፤ ለማን ነው እጅ የሚወጣው? መምህሩንም ተማሪው «ከፋችና ዘጊ» ይለው ጀመር። ዓመታት ከተማሩበት ሙያ ውስጥ ለመምህሩ የቀረለት ማብራትና ማጥፋት ነበር፤ ማቆም ግን አልተፈቀደለትም። ለእኔ የፕላዝማው ዋና ጉድለት እንግሊዝኛውም ፍጥነቱም አይደለም። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ነገር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንም ሰው «ቆይ አንዴ» ሊለው አይችልም።

የፊዚክስ መምህራችን ግን አንድ ዘዴ ነበራቸው። ድምፁን ጨርሰው ይዘጉትና ሥዕሉን ብቻ እያየን እሳቸው በአማርኛ ያስረዱናል። አንድ ኳስ ከጠረጴዛ ጫፍ ተንከባሎ ሲደርስ «የት ነው የሚወድቀው?» ብለው፣ ስክሪኑ ሳይቀድማቸው በፍጥነት ያስገምቱናል። የገመተ ልጅ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን በጉጉት ነው የሚያየው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ድምፁ ይመለሳል። እኔ እስካሁን ካየሁት የቴክኖሎጂ የፈጠራ አጠቃቀም አንደኛው ይህ ነው፤ በየትኛውም የግብ ቅጽ ላይ ግን አይመዘገብም። እንዲያውም በቅጹ ቋንቋ ከሄድን «መሣሪያውን በአግባቡ አልተጠቀሙም» የሚባሉት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ የታብሌት ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ ላይ ለሚገኙ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች፣ በየመንደሩ ሃያ ያህል የሞቶሮላ ታብሌት ሰጠ። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም፤ ሳጥኑ እንደታሸገ ነው የተሰጣቸው። ቻርጅ የሚደረገው በፀሐይ ኃይል ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራም ይከፍት ጀመር፤ በሁለት ሳምንት የኤቢሲ መዝሙር ዘመሩ፤ በአምስት ወር ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ሥርዓቱን ሰብረው ከፈቱት።

ይህን ስሰማ እንደማንኛውም ሰው ኮርቻለሁ። የእኛ ልጆች አእምሮ ምን እንደሆነ ለሚጠራጠር ሁሉ ጥሩ መልስ ነው። እንደ መምህር ግን ሁለት ነገር አልዋጥልህ አለኝ። አንደኛው 47 የሚለው ቁጥር ነው፤ ይህም የእኛው ቅጽ ወንድም ነው። ስንት እንደተከፈተ እንጂ ምን እንደተነበበ አይነግረንም። ሁለተኛው የኤቢሲው ነገር ነው። በኦሮሚያ ያለ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚማረው በቁቤ ነው። ቁቤ የላቲን ፊደል ነው፤ ድምፁ ግን የእንግሊዝኛው አይደለም። እንግሊዝኛው «ሲ» የሚለው ፊደል በቁቤ «ጨ» ነው፤ «ኤክስ» የሚለው ደግሞ «ጠ» ነው። ከታብሌቱ ጋር እየዘመረ የለመደውን ልጁ ክፍል ውስጥ ሊያፈርሰው ነው ማለት ነው። አንድ መምህር አጠገቡ ቢኖር ይህን በአምስት ደቂቃ ያቃናለት ነበር፤ መዝሙሩም ሳይቀር።

የካሜራው ነገር ግን ሌላ ነው። ታብሌቱ ውስጥ ካሉት ብዙ ነገሮች ልጁ የራሱን ነገር በቀላሉ የሚሠራበት ካሜራው ነበር፤ ያው ካሜራ ደግሞ ከድርጅቱ በኩል ተዘግቶ ነው የመጣው። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ፈልገው የሰበሩት ቁልፍ ያ ነው። የፈጠራ ግብ የሚባለውን ለእኛ የጻፉልን እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያው በ2012 እዚሁ ሱዳን ውስጥ የተጀመረው ሥራ ከሁለቱም የተሻለ ነው። ዋር ቻይልድ ሆላንድ ከሱዳን ትምህርት ሚኒስቴርና ኦምዱርማን ከሚገኘው አሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው መንደሮች ለሚኖሩ ልጆች በታብሌት የሚሠራ የሒሳብ ጨዋታ በዓረብኛ አዘጋጀ። ከኋላ «ካንት ዌይት ቱ ለርን» በሚል ስም ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻግሯል። ጨዋታው የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላል፤ ሲሠራም የልጆቹ ሐሳብ ተጠይቋል። ልጁ ሒሳቡን ሲሠራ በጨዋታው ውስጥ ያሉ ሌሎች ልጆችን ወደሚመኙት ሥራ ያደርሳል፤ ሐኪም ለመሆን የሚመኝ አለ፣ ፍየል ጠባቂ ለመሆን የሚመኝም አለ። (ፍየል ጠባቂነትን እንደ ምኞት የቆጠረ የትምህርት መሣሪያ ከዚህ በፊት አላየሁም።) ሱቅም አለ፤ ዕቃ ይሸጥበታል፣ ይገዛበታል። ዋናው ነገር ግን ልጁ ሳይገባው አያልፍም። ቁልፉ በልጁ እጅ ነው። ፕላዝማው በዚህ በኩል ጨርሶ አይወዳደረውም።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ማንኛውም እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚጠይቀው መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ ነው። ለሒሳብ ይህ ብዙ ርቀት ይወስዳል። ቋንቋ ላይ ስንደርስ ግን የትም አያደርስም፤ የእኛ የስደተኛ መምህራን ዋና ራስ ምታት ደግሞ ቋንቋ ነው።

ካርቱም ተወልደው ጅሬፍና ዴም ያደጉ ልጆቻችንን ያስተማረ ሰው የምለውን ያውቃል። ቤት አማርኛ ወይም ትግርኛ፣ ሰፈር ዓረብኛ፣ ደብተር ላይ እንግሊዝኛ። «ፓስታ»ን «ባስታ» ይሉታል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የሚጠብቅና የሚላላ ቃል ነው። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት አይጽፍም። ዓረብኛ የተማሩት ልጆች ሸዳ የሚባለውን ምልክት ስለለመዱ «መምህር፣ የአማርኛው ሸዳ የት አለ?» ይሉኛል። የለም! «ልብስ ሰፊው ሰፊ ሱሪ አለ አለ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለአራተኛ ክፍል ስጡና እዩት። ሁለት ጊዜ የተጻፈው «ሰፊ» አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል፤ «አለ»ም እንደዚያው። ይህንን የሚለየው ጆሮ እንጂ ዓይን አይደለም።

ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ድምፅ የሚቀዳ ተራ ሞባይል ነው። ልጁ ያነባል፣ ይቀዳል፣ ይሰማዋል። በራሱ ድምፅ ይስቅና «እንደገና» ይላል። ያችን «እንደገና» በዓመታት ማስተማር ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ አግኝቻት አላውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ላይ እነሱው በራሳቸው ዓረፍተ ነገር ፈጥረው ጓደኛቸውን ማጥመድ ጀመሩ፤ «ገና ገና ነው» ያለችውን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳትም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስላቋረጥኩ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም፤ ይህን ለማድረግ ግን ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ስልኩን ማቆምና ማስጀመር የሚችል ሰው መሆን ይበቃል።

እንግዲህ ግቡ በዚህ መልክ ሊጻፍ ይችላል፦ «በወሩ መጨረሻ እያንዳንዱ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የራሱን ንባብ ቀድቶ፣ ሰምቶ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል ራሱ ለይቶ ያርማል።» ሞባይል የሚል ቃል እንኳን የለበትም። ሞባይሉ ከጠፋ ጓደኛው ይሰማዋል፤ ግቡ አይሞትም። «ታብሌት በሳምንት ሦስት ቀን» ያለ ሰው ግን ታብሌቱ የተበላሸ ዕለት ግቡም አብሮ ይበላሻል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር ስንቶቻችን ምን ይዘን እንደወጣን እናውቃለን። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ኔትወርክ ተቋረጠ፤ የስልክ ሂሳብ እያለ መደወል አልተቻለም። በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ትምህርት ሁሉ በዚያች ሰዓት ቆመ። በሚሞሪ ካርድ ላይ ያለ ድምፅና ጽሑፍ ግን፣ ስልኩን ቻርጅ ማድረጊያ ከተገኘ፣ ይሠራል። ስለዚህ አንድ መምህር ግብ ሲያወጣ «ኔትወርክ ባይኖርስ?»፣ «መብራት ባይኖርስ?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ቅጹን ሳያስገባ ነው።

አንድ ያልተፈታ ነገር ይቀረኛል። ስልኩ የማን ነው? በአብዛኛው ቤት የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ነው፤ ወንድ ልጅ ለቤት ሥራ ብሎ ሲጠይቅ ይሰጠዋል፣ ሴት ልጅ ስትጠይቅ «ለማን ልትደውይ ነው?» ትባላለች። ስለዚህ መቅዳቱ ክፍል ውስጥ፣ በመምህሩ ስልክ ቢሆን ይሻላል እላለሁ፤ ያኔ ግን የሠላሳ የስደተኛ ልጆች ድምፅ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ሊሆን ነው። ኬላ ላይ ስልክ በሚፈተሽበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እኔ ከልጁ ስም በፊት «ስምህን አትናገር» ብዬ አስቀዳለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ልጆቹ ፊት ሁሉንም አጠፋዋለሁ። አንዳንድ ወላጆች «ለምን ታጠፋዋለህ፣ የልጄን ድምፅ ስጠኝ እንጂ» ብለው ተቆጥተውኛል። ለእነሱ በሚሞሪ ካርድ እሰጣቸዋለሁ። ሌላ የተሻለ ዘዴ ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉልን።