ቼክሊስቱ ያልጠየቀው ጥያቄ፦ የታካሚ ደኅንነትና የሬዚደንት ሐኪሞች ክትትል

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት 19 ነጥቦችን በአንድ ገጽ የያዘ ሰነድ ነው። ሰመመን ከመሰጠቱ፣ ቆዳ ከመቀደዱና ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከመውጣቱ በፊት ቡድኑ ሦስት ጊዜ ቆም ብሎ የታካሚውን ማንነት፣ የሚቀደደውን የአካል ክፍል፣ የአለርጂ ሁኔታን፣ የመሣሪያና የጎዝ ቆጠራን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ከለንደንና ከቶሮንቶ እስከ ታንዛኒያዋ ኢፋካራ በ8 ከተሞች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት፣ ቼክሊስቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ የተወሳሰቡ የጤና ችግሮች መጠንም ከ11 ወደ 7 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ከአንዲት ወረቀት የተገኘ ውጤት ሆኖ ሲታይ ይህ የሚናቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ በካናዳ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የሞት መጠኑ ከ0.71 ወደ 0.65 በመቶ ብቻ መውረዱን ገለጸ፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ሚዛን ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። የሁለቱን ጥናቶች ልዩነት በአንድ ምክንያት ብቻ ማስረዳት ባይቻልም፣ ቅጽ መሙላትና ደኅንነትን መጠበቅ አንድ አለመሆናቸው ግን ግልጽ ነው።

በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ዘንድ የሰነዱ ዋነኛ ጉድለት ሌላ ነው። ቼክሊስቱ የቡድኑ አባላት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ያዛል፤ ቢላዋውን የያዘው ሬዚደንት በማን ክትትል ሥር እንደሚሠራ ግን አይጠይቅም። አንጀቱ ተጠምዝዞ በእኩለ ሌሊት የመጣ ታካሚ የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ሲቀድደው፣ ሲኒየሩ ደግሞ በስልክ ብቻ የሚገኝ ቢሆን፣ በሁሉም ነጥቦች ፊት ምልክት ሊደረግ ይችላል። ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ለታካሚው ሕይወት ወሳኙ ጥያቄ ግን አልተነሣም።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የ18 ዓመቷ ሊቢ ዚየን በኒው ዮርክ በተለማማጅ ሐኪሞች እጅ ስትታከም ሕይወቷ ካለፈ በኋላ፣ ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣችው ደንብ የሥራ ሰዓትን በሳምንት በ80 ሰዓት ከመገደቡም በላይ የበላይ ሐኪሞችን ክትትል አጥብቆ ነበር። ዓለም በስፋት የተከራከረበት ግን ሰዓቱ ነው፤ ክትትሉ ወደ ጎን ተገፋ። ሰዓትን መቁጠር ቀላል ሲሆን ክትትልን መለካት ግን አስቸጋሪ ነውና።

በኢትዮጵያም የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምናን የማስፋፋት ብሔራዊ መርሐ ግብር ለቼክሊስቱ አጠቃቀም ትኩረት ሰጥቷል። እርምጃው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚለካው ቅጹ መሞላቱ ብቻ ከሆነ፣ ሠራተኛው የሚማረው መሙላትን ነው።

የባለሙያ እጥረት እያለ ሲኒየር በየሌሊቱ በክፍሉ ይገኝ ማለት ከባድ ነው፤ ሬዚደንትም ሳይሠራ አይማርም የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ሆኖም ክትትል ማለት ሁልጊዜ አጠገብ መቆም አይደለም። የትኛው የቀዶ ሕክምና ዓይነት በየትኛው የሥልጠና ዓመት ብቻውን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ምልክት ሲኒየር እንደሚጠራና በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ አስቀድሞ መወሰን ነው። ለእርዳታ የጠራ ሬዚደንት እንደ ደካማ የሚቆጠርበት ክፍል ግን የቱንም ያህል ደንብ ቢኖረው ታካሚውን አይጠብቅም።

ቼክሊስቱ ራሱ ሁሉን አካታች እንዳልሆነና እንደየአካባቢው ሁኔታ ሊሻሻል እንደሚገባ ይገልጻል። ስለዚህ ጉድለቱ የአዘጋጆቹ ብቻ አይደለም፤ እንዳለ ተቀብለው የሚጠቀሙበት የማስተማሪያ ሆስፒታሎችም ጭምር ነው። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት «ተጠያቂው ሲኒየር ማን ነው? አሁን የት ነው? መቼ ይጠራል?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎችን መጨመር አዲስ በጀት አይጠይቅም። መልስ ካልተገኘላቸው ግን፣ ሕይወት የሚያድን ድንገተኛ ሕክምና ካልሆነ በቀር፣ ቢላዋው ሊነሣ አይገባም።