ስሜንን በ«ቢት» ስናየው፦ ጉሙን ደረጃ ደረጃ ያደረገው ማነው?

ለበዓል ጎንደር በገባሁ ጊዜ አራዳ ያለው አጎቴ ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። ቡናው እስኪፈላ አጎቴ ከቁም ሳጥኑ አንድ ዲስክ አውጥቶ ሰጠኝ። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ? እስቲ ይሄን አስተካክልልኝ። ቴሌቪዥኑን አዲስ ገዛሁ፣ ምስሉ ግን ከድሮው ባሰ።»

ዲስኩ ቪሲዲ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው ሰፈር ከአንድ ሙዚቃ ቤት የተገዛ። ተራኪ የለውም፣ ዘፋኝም የለውም፤ የስሜን ተራሮች ብቻ፣ ከሥር የኪቦርድና የድራም ማሽን ሙዚቃ። ዛሬ የሆቴል እንግዳ መቀበያና የአገር አቋራጭ አውቶብስ ስክሪን ላይ የምናያቸው የድሮን ቪዲዮዎች ታላቅ ወንድም ማለት ነው። አርባ ደቂቃ ያህል አየነው። እኔ የተመራቂ ተማሪነት ሥራዬ ከምስል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም (ቤተሰቤ ይሄን ጸባዬን ለምዶታል)።

መጀመሪያ የአጎቴን ጥያቄ እንመልስ። አዲስ ቴሌቪዥን ላይ ለምን ባሰ? የቪሲዲ ምስል እኛ አገር በሚሠራበት የፓል ሥርዓት 352 በ288 ፒክሰል ነው፤ ሲባዛ 101,376 ነጥብ። ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን ደግሞ 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥብ አለው። ምስሉን ለጥጣችሁ ስክሪኑን ሙሉ ካስሞላችሁት፣ አንዷ የዲስኩ ነጥብ የሃያ ነጥብ ቦታ ልትሸፍን ነው። የድሮው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ትንሽ ነበር፣ ነጥቦቹንም እርስ በርስ ያደበዝዛቸው ስለነበር ጉድለቱን ይሸፍን ነበር። አዲሱ ግን አይዋሽም።

የነጥብ ማነስ ብቻ ቢሆን ግን ደብዘዝ ያለ ስሜን እናይ ነበር። እኛ ያየነው ሌላ ነው፦ ከሸለቆው የሚወጣው ጉም ደረጃ ደረጃ ሆኖ፣ ልክ የእርከን እርሻ መስሎ ይታያል። ፏፏቴው ደግሞ ውሃ ሳይሆን የሚንቀጠቀጡ ትናንሽ ሳጥኖች ክምር ነው። ይህ የጭመቃ ጣጣ ነው።

ቪሲዲ ለምስል የሚመድበው በሴኮንድ 1,150,000 ቢት ገደማ ነው። በሴኮንድ 25 ምስል ስላለ ለአንዱ ምስል 46,000 ቢት ይደርሰዋል። ለ101,376 ነጥብ አካፍሉት፤ ለአንድ ነጥብ ግማሽ ቢት እንኳ አይደርስም። ያልተጨመቀ ባለ ቀለም ነጥብ ደግሞ 24 ቢት ይፈልጋል። ታዲያ እንዴት ይቻላል? ኤምፔግ የሚባለው ዘዴ ሁለት ብልሃት አለው። አንደኛው ምስሉን 8 በ8 በሆኑ ሳጥኖች ከፋፍሎ በየሳጥኑ ውስጥ ያለውን ደቃቅ ዝርዝር መጣል ነው። ሁለተኛው፣ ካለፈው ምስል የተለወጠውን ብቻ መጻፍ፦ «ይቺ ሳጥን ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ሌላው እንዳለ ነው» እንደማለት።

ዜና አንባቢ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ይሄ ግሩም ይሠራል፤ ከአፉ በቀር የሚንቀሳቀስ የለማ! ስሜንን ግን እስቲ አስቡት። የጭላዳ ጎፈር እያንዳንዱ ጸጉር በነፋስ ይነቃነቃል። ሣሩ ሁሉ ይወዛወዛል። የጂንባር ፏፏቴ ሲወርድ አንዷ ጠብታ እንኳ ካለፈው ምስል ጋር አትመሳሰልም። ማሽኑ የሚተነብየው ነገር ያጣል፣ ቢቱ ያልቃል፣ ሳጥኖቹ ገሃድ ይወጣሉ። ለጭመቃ ከጎንደር ሰሜን ካለው መልክዓ ምድር የከፋ ፈተና ማሰብ ይከብደኛል።

ጉሙ ደግሞ በተቃራኒው ዝርዝር የለውም፤ ከነጭ ወደ ግራጫ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በስምንት ቢት አንድ ቀለም 256 ደረጃ አለው። ጉሙ ከ200 ወደ 220 ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ለ1080 የስክሪን መስመር ያሉን ሃያ ደረጃዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ 54 መስመር ይወፍራል። ዓይናችን ደግሞ ጠርዝ ፍለጋ ላይ ጎበዝ ነው። በጥሬው ቀረጻ ላይ ያለው ደቃቅ «አሸዋ» ይህን ጠርዝ ይደብቀው ነበር፤ ጭመቃው መጀመሪያ የሚጥለው ግን ይህንኑ አሸዋ ነው። ስለዚህ በ4ኬ የተቀረጸ የዘንድሮ የድሮን ቪዲዮም ከስልክ ወደ ስልክ ሲላላክ እንደገና ከተጨመቀ የአጎቴ ዲስክ ላይ ያለው እርከን ይመጣበታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ዲጂታል ፋይል እንደ ካሴት በመቀዳቱ ብቻ አያረጅም። የሚጎዳው እንደገና ሲጨመቅ ነው። ፍላሽ ላይ «4ኬ» ብሎ መጻፍም የጠፋውን አይመልስም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መሣሪያ ነው። ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሠሪዎቹ ላይ ነው፣ ያውም ሙዚቃው ላይ።

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከተፈጥሮ ጋር አይሄድም የሚሉ አሉ። አልስማማም። የሮን ፍሪክ «ክሮኖስ» (እ.ኤ.አ. 1985) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ቃል በማይክል ስተርንስ ሙዚቃ ይሄዳል፤ ድንጋይና ጥላ ብቻ አይታችሁ ትንፋሽ ያጥራችኋል። የዚሁ ሰው «ባራካ» (እ.ኤ.አ. 1992) በትልቅ ፊልም የተቀረጸ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2008 በብሉሬይ ሲወጣ ከዋናው ፊልም በ8ኬ እንደገና ተነበበ። ዋናው ስለተጠበቀ ከ16 ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው የቤት ቅጂ የተሻለ ቅጂ ወጣ ማለት ነው። ከእኛም ወገን ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዷል፤ ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ሚካኤል ሰይፉም እ.ኤ.አ. በ2014 «የአራዳ ልጅ» በሚል ርዕስ ያወጣው ሥራ አለ (የአዲስ አበባው አራዳ ነው፤ እኛም አራዳ አለን እንጂ!)። ስለዚህ ማሽኑ አይደለም ጥፋተኛው።

የዲስኩ ሙዚቃ ግን ኪቦርዱ ውስጥ ተሞልቶ የመጣ ምት ነው፤ አራት በአራት፣ በደቂቃ 120። የአካባቢው እስክስታ የሚሄድበት ጭክጭካ እንኳ ስድስት በስምንት ነው፣ እዚህ ግን ሽታው የለም። አቀናባሪው ደግሞ በየሁለት ምቱ ምስል ይቆርጣል፤ በሴኮንድ አንድ ማለት ነው። ጅብራ፣ ቆረጠ። ዋልያ፣ ቆረጠ። ገደል፣ ቆረጠ። ዋልያው ቀንዱን እስኪያዞር እንኳ አይታገሱትም። እዚህ ላይ ውበትና ምህንድስና ይገናኛሉ፦ ምስል በተቆረጠ ቁጥር ካለፈው መተንበይ አይቻልም፣ ማሽኑ ሙሉውን ምስል እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ያቺን የ46,000 ቢት ደሞዝ ይዞ! የጥድፊያ ቅንብሩ ራሱ ምስሉን አበላሽቶታል። አንድ ቦታ ላይ፣ ሳንቃበር አካባቢ ይመስለኛል፣ ካሜራው ለአሥር ሴኮንድ ያህል ሳይነቃነቅ ቆሟል፤ የዲስኩ ጥርት ያለው ምስል እሱ ነው።

ከሁሉ የከፋው የጭላዳዎቹ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር እየነጩ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኛ የምንሰማው «ዱም ታክ ዱም ታክ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ቶር በርግማን የተባለ ተመራማሪ ጭላዳዎች ከንፈራቸውን እያማቱ የሚያወጡት አንድ ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። የሰው ንግግር በሴኮንድ ከ3 እስከ 8 ክፍለ ቃል አካባቢ ይመታል። ንግግር ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ ፍንጭ ከሚሰጡ እንስሳት አንዱ ደባርቅን አለፍ ብሎ ተቀምጦ ያወራል፤ እኛ ደግሞ በላዩ ላይ ድራም ማሽን ጫንበት። የቢቢሲው «ፕላኔት ኧርዝ» እ.ኤ.አ. በ2006 የተራራ ክፍሉን የከፈተው በኤርታሌና በኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ እሱም ሙዚቃ ያበዛል፣ ግን ቢያንስ ጭላዳዎቹ ሲጮሁ ያሰማናል።

ወደ ዲስኩ ማብቂያ አካባቢ የግጭ መንደር ይታያል። ክብ ጎጆዎች፣ የገብስ ማሳ፣ ከብት የሚነዱ ልጆች። የመንደሩ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ተነስተው ደባርቅ ሰፍረዋል፤ በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ስሜንን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣው። ለፓርኩ በጎ ነው። ግን ያ መንደር አሁን የለም፣ ሄደን ደግመን አንቀርጸውም። «ባራካ» ዋናው ፊልም ነበረው። የዚህ ቪዲዮ ዋና ካሴት የት እንዳለ ዲስኩን የሸጠውን ሙዚቃ ቤት ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ ቦታው ላይ አሁን የስልክ መለዋወጫ ይሸጣል።

አጎቴን «ጋሼ፣ ማስተካከል አይቻልም፤ ሳይባስበት ልቅዳልዎት እንጂ» አልኩት። ፋይሉን እንዳለ፣ ምንም ሳልጨምቅ፣ ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ከዚያ ድምፁን ለብቻው አውጥቼ ሳዳምጥ አንድ ነገር አገኘሁ። ግጭ ላይ አንዱ ሙዚቃ አልቆ ሌላው እስኪጀምር አቀናባሪው የካሜራውን ድምፅ መዝጋት ረስቷል። አሥራ አንድ ሴኮንድ ነው። ነፋስ አለ፣ ውሻ ይጮሃል፣ አንድ ልጅ ከሩቅ ሌላውን ልጅ በስሙ ይጠራል። አጎቴ ስኒውን አስቀምጦ «መልሰው እስቲ» አለኝ። ሦስት ጊዜ መለስኩት።