የጠበቀ ሁሉ ልክ አይደለም፦ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሥራን ስለ መመዘን

የፊት ጎማ ኩሽኔታን ማስተካከል መሣሪያው ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ሆኖ ሳለ ስሕተቱ ከባድ ዋጋ ከሚያስከፍሉ የጋራዥ ሥራዎች አንዱ ነው። ኩሽኔታ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ በማይዞረው ብረትና በሚዞረው ጎማ መካከል ተቀምጦ የመኪናውን ክብደት እየተሸከመ ሰበቃን የሚቀንስ አካል በመሆኑም ስሙ ከግብሩ ጋር ይስማማል። ብዙ ባለመኪና ግን የጠበቀውን ሁሉ አስተማማኝ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ሥራውን የሚመዝነው ኩሽኔታውን የሚያስረው ዳዶ ምን ያህል እንደተጠረቀመ በማየት ነው። መልካም ሥራ የሚታወቀው በዚህ አይደለም፤ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ በልክ ተመልሶ ለኩሽኔታው በሚተውለት ለዓይን በማይታይ ክፍተት ነው።

የአዲስ አበባው ጉለሌ ለዚህ ምዘና የተመቸ ስፍራ ነው፤ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬንን ያለ ፋታ ስለሚያሠራ፣ ከፍሬኑ ዲስክ የሚነሣው ሙቀት በቀጥታ ወደ ኩሽኔታው ይዘልቃልና። ለምሳሌነት የሚመች መኪና ደግሞ ላዳ ነው። በጣሊያኑ ፊያት 124 ላይ ተመሥርቶ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶቪየት ኅብረቷ ቶሊያቲ ከተማ የተመረተው ይህ መኪና፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ አዲስ አበባን ለአሥርት ዓመታት በታክሲነት ሲያገለግል እየተፈታ፣ እየተበየደና እየተገጠመ የኖረ በመሆኑ፣ ጥገናው መኪናን ከተበታተኑ ክፍሎች እንደ አዲስ ከመገንባት እምብዛም አይርቅም። በእንግሊዝ አገር ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክፍል በክፍሉ እየተሸጠ ባለቤቱ በቤቱ ይገጥመው የነበረው ሎተስ ሰቨን የተባለ መኪና የሚጠይቀውን ጥንቃቄ፣ የታደሰ ላዳም ይጠይቃል።

በላዳ የፊት ጎማ ውስጥ ትልቁ ከውስጥ፣ ትንሹ ከውጭ የሆኑ ሁለት ኩሽኔታዎች፣ እንዝርት በሚባል የማይዞር የብረት ዘንግ ላይ ይቀመጣሉ፤ በእነርሱ ላይ የሚዞረውና ጎማውንና የፍሬኑን ዲስክ የሚሸከመው ክፍል ደግሞ የጎማው እምብርት ነው። ኩሽኔታዎቹ በ1898 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሄንሪ ቲምከን የፈጠራ መብት ያስገኘው ዓይነት ሲሆኑ፣ ሮለሮቻቸው ወደ አንድ ጫፍ እየጠበቡ የሚሄዱ ሾጣጣዎች ስለሆኑ ከላይ የሚመጣውን ክብደት ብቻ ሳይሆን መኪናው ሲታጠፍ ከጎን የሚመጣውንም ግፊት ይችላሉ። ይኸው ሾጣጣነት ሌላም ውጤት አለው፤ በእንዝርቱ ጫፍ ያለው ዳዶ ሲጠብቅ ሮለሮቹ ወደ ቀለበታቸው ይበልጥ ስለሚገቡ ክፍተቱ ይጠባል፣ ዳዶው ሲላላም ይሰፋል፤ በመሆኑም ልኩን በመጨረሻ የሚወስነው የመካኒኩ እጅ ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ ከመገጣጠም በፊት ያለው ሥራ ነው። ጠንቃቃ መካኒክ አሮጌውን ግራሶ በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሮለሮቹንና ቀለበቶቹን በብርሃን ይመረምራል። ወደ ሰማያዊ ያደላ ቀለም ብረቱ ከልክ በላይ ግሎ እንደነበር፣ ትናንሽ ጉድጓዶች ደግሞ ገጹ መላላጥ እንደጀመረ ስለሚያመለክቱ፣ እንዲህ ያለ ኩሽኔታ በየትኛውም ማስተካከያ አይድንም። ሲቀየርም በእምብርቱ ውስጥ የሚቀረው ውጫዊ ቀለበት አብሮ ሊቀየር ይገባል፤ አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ ሲዞር አሮጌው ጠባሳ አዲሱን ያበላሸዋልና። አዲሱ ግራሶ የፍሬን ሙቀትን የሚችል ዓይነት ሆኖ በእያንዳንዱ ሮለር መካከል ዘልቆ እንዲገባ በእጅ ይጠቀጠቃል እንጂ፣ ከላይ ተለቅልቆ አይታለፍም፤ እምብርቱን እስከ አፉ መሙላትም ሙቀትን ስለሚያጠራቅምና የዘይት መከላከያውን ጎማ ስለሚገፋ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ዋናው ምዘና በማስተካከሉ ጊዜ ይመጣል። ለላዳ በተሰጠው ሥርዓት መሠረት ዳዶው እምብርቱ ወዲያና ወዲህ እየተሽከረከረ በ20 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠብቃል፤ ይህም አንድ ሜትር በሚረዝም የቁልፍ እጀታ ጫፍ ላይ ሁለት ኪሎ ክብደት እንደማንጠልጠል ነው። ማሽከርከሩ ሮለሮቹ በትክክለኛ ቦታቸው እንዲያርፉ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ጎማውን አቁሞ ዳዶውን ብቻ የሚያጠብቅ ሰው ልኩን ገና ከጅምሩ ስቷል። ቀጥሎ ዳዶው ይላላና በ7 ኒውተን ሜትር ገደማ ዳግም ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይኸውም በሰዓት ገጽ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ካለው ርቀት ያነሰ ነው። በዚህ የሚገኘው ክፍተት ከ0.02 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያንሳል።

ይህች ወደ ኋላ መመለስ የሙያው ልብ ናት። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ድሩን ከልክ በላይ ቢወጥር ፈትሉ እንደሚበጠስበት፣ ቢያላላውም ጨርቁ እንደሚዛባበት ሁሉ፣ ኩሽኔታም በሁለት ጥፋቶች መካከል የተወጠረ ነው። ክፍተት የተነፈገው ኩሽኔታ ሲግል ብረቱ ስለሚሰፋ ይበልጥ ይጨናነቃል፣ ግራሶው ይቀልጣል፣ ውሎ አድሮም ሮለሮቹ ይነክሳሉ፤ ክፍተቱ የበዛበት ደግሞ ዲስኩን እያወዛወዘ የፍሬኑን ሸራ ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ አሽከርካሪው በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ይወርድበታል።

የተገኘው ልክ መጠበቁም ይመረመራል። የላዳ ዳዶ ቀጭን አንገት ስላለው፣ ይህ አንገት በእንዝርቱ ላይ ወዳለው ጎድጓዳ መሥመር ተመትቶ ዳዶው እንዳይዞር ይደረጋል፤ አንገቱ ሳይሰነጠቅ በንጽሕና የገባ፣ ዳዶውም ቀድሞ ያልተመታ አዲስ ከሆነ ሠሪው እስከ መጨረሻው እንደተጠነቀቀ ይታወቃል። በመዶሻ የተቀጠቀጠና የተቀደደ አንገት ግን ሥራው በችኮላ እንዳለቀ ይመሰክራል።

ባለመኪናው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ፈተና ቀላል ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ እጅ የሚሰማው ከእጅግ ጥቂት እንቅስቃሴ ሊበልጥ አይገባም። እንቅስቃሴው በዝቶ ከተገኘ ረዳት ፍሬኑን እንዲረግጥ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ንቅናቄው ከጠፋ ምንጩ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ግን እንዝርቱን ከመኪናው በሚያያይዙት መጋጠሚያዎች ዘንድ መፈለግ አለበት። ጎማው ሲሽከረከርም ያለ ጉርምርምታና ያለ መንገራገጭ ሊዞር ይገባል። የመጨረሻው ምስክር ሙቀት ነው፤ ፍሬን በማይበዛበት ሜዳማ መንገድ ጥቂት ከተነዳ በኋላ የግራና የቀኝ እምብርቶች በጥንቃቄ ሲዳሰሱ ለብታቸው እኩል ከሆነ ሥራው ተሳክቷል፣ አንደኛው ከሌላው ጎልቶ ከጋለ ግን ዳዶው ዳግም ሊከፈት ይገባዋል። ስለዚህ መኪናው ጥቂት ከተነዳ በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ አሳስቦ፣ ሁለቱንም እምብርቶች በራሱ እጅ የሚዳስስ መካኒክ ሙያውን አውቆ የሚሠራ ነው፤ ትራሱ ሸክሙን ሳይጨፈለቅ መቻሉን የሚያረጋግጠው ይህ ዳሰሳ ነውና።