«ቢት ሴበር» እና የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ

በ2018 እ.ኤ.አ. ከቼክ አገር የወጣው «ቢት ሴበር» የተባለ ጨዋታ፣ ተጫዋቹን ዓይን በሚሸፍን መነጽር አማካይነት ወደ ምናባዊ ዓለም ያስገባዋል። ተጫዋቹም ከሙዚቃው ምት ጋር ወደ እርሱ የሚወረወሩትን ቀይና ሰማያዊ ኪዩቦች በሁለት የብርሃን ሰይፎች ይሰነጥቃል።

ሥራው እንቅስቃሴን ከዜማ ጋር አዋሕዶ ድካምን በማስረሳቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ሩጫ የሚሰለቸው ተማሪ ሳይታወቀው ያልበዋል፤ የሚደክመው ግን ይበልጡን ከወገቡ በላይ ነው። እግሩ፣ ከፊቱ የሚመጣውን ግድግዳ ለመሸሽ ጎንበስና ዘወር ከማለት በቀር፣ ሥራ ፈት ነው። ትልልቆቹ ጡንቻዎች የሚገኙት በእግር ላይ በመሆኑ፣ ልብና ሳንባ የሚያገኙት ልምምድ በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ይህ ጉድለት ለወልቂጤና ለቡታጅራ መምህራን ቶሎ ይታያቸዋል። በመስቀል ሰሞን የጉራጌ ጭፈራ ሲደምቅ ጭብጨባው ምቱን ይይዛል፤ እግር መሬቱን ይደበድባል፤ ትንፋሽ ለዘፈኑም ለዝላዩም ይከፈላል። ምትን ተከትሎ መንቀሳቀስ ለዚያ አገር ልጅ አዲስ ግኝት አይደለም።

ድካምን ማስረሳትም ቢሆን ለትምህርት ቤት ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ከ6 እስከ 20 ባዘጋጀው መለኪያ ተማሪ የድካሙን መጠን ራሱ ገምቶ ይናገራል፤ ጨዋታው ግን ይህንኑ ስሜት ይሸፍንበታል። ፊቱ በመነጽር ስለሚጋረድ መምህሩም አይቶ ሊረዳው ይቸገራል።

የዕቅድ ባለሙያዎች ደግሞ ለመነጽር ገንዘብ ከመመደባቸው በፊት አንድ ነገር ማጤን አለባቸው፤ በአንድ መነጽር የሚጫወተው አንድ ልጅ ሲሆን የቀረው ክፍል ቆሞ ይጠብቃል። በጭፈራው ክብ ውስጥ ተራ የሚጠብቀው እንኳ ያጨበጭባል።