«ባዶው ምሽግ» በካርቲየ 7 ቢስ

በዚህ ጽሑፍ ሒስ የምናቀርብበት መጽሐፍ ከታተመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ይህን ያህል ያረጀ መጽሐፍ አቧራውን አራግፎ መተቸት ምን ይረባል የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ባለፈው የክረምት ዕረፍት ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ፣ አክስታችን ዘንድ ባንሰነብት ኖሮ ይህንኑ በተናገርን ነበር። መጽሐፉ ብሩኖ ቤተልሃይም የጻፈው «ባዶው ምሽግ» ነው፤ በእንግሊዝኛ በ1967፣ በፈረንሳይኛ በ1969 ታትሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። የሚናገረውም ስለ ኦቲዝም ነው።

ወደ እጃችን እንዴት እንደ ገባ አስቀድመን እንግለጥ። በአክስታችን ግቢ ሦስት ሌሎች ቤተሰቦች ይኖራሉ። በአንደኛው ቤት የስምንት ወር ሕፃን አለች። በእጇና በጉልበቷ ተደግፋ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች፤ ደስ ሲላት ሁለት እጆቿን ታርገበግባለች፤ በጀርባዋ ስትተኛ እግሮቿን እያነሣች ምንጣፉን ትደበድባለች። እናቷ በስልክ የተላከላትን አንድ አጭር ፊልም ካየች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ፊልሙ እጁን የሚያርገበግብ ሕፃን ያሳይና «የኦቲዝም ምልክት ይህ ነው» ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። በሁለተኛው ቤት ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል የሞላው ወንድ ልጅ አለ። እርሱ አይወዛወዝም፤ እጁንም አያርገበግብም። የጠርሙስ ክዳን ሰብስቦ ከግድግዳው ሥር በሰልፍ ይደረድራል። ሲጠሩት ዞር አይልም። ውሃ ሲጠማው በጣቱ አያመለክትም፤ የእናቱን አንጓ ይዞ፣ ፊቷን ሳያይ፣ እጇን እንደ ዕቃ ወደ ጀሪካኑ ይወስዳል። የግቢው ሰው ግን «ጨዋ ልጅ፣ የማያስቸግር» እያለ ያመሰግነዋል። አልናገር ማለቱንም «አማርኛው፣ ሱማልኛውና ፈረንሳይኛው ተደባልቆበት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የዚህ ልጅ እናት ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በሦስተኛው ቤት የሚኖሩት በጡረታ ላይ ያሉ አዛውንት ናቸው፤ ፈረንሳይኛ በሚገባ ተምረዋል፣ ድሬዳዋ ስላደጉም አማርኛ ያውቃሉ፣ ለጎረቤትም ደግ ሰው ናቸው። የልጁን ነገር ስናነሣባቸው መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርደው ሰጡን። «መምህር፣ ምክንያቱ እዚህ ተጽፏል» ብለውም በአገጫቸው ወደ እናትየዋ በር ጠቆሙ።

መጽሐፉን በጥቂት ሌሊቶች አነበብነው፤ በሐምሌ ወር የጅቡቲ ሌሊት እንቅልፍ እንደ ሆነ አይገኝም። ቤተልሃይም በ1903 ቪየና የተወለደ፣ ናዚዎች በዳካውና በቡኸንቫልድ ካምፖች ያሠሩት፣ በ1939 ተፈትቶ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። ከ1944 እስከ 1973 ድረስ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረውን የኦርቶጄኒክ ትምህርት ቤት መርቷል። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብም ከካምፑ የተቀዳ ነው። ተስፋ የቆረጠ እስረኛ ከዓለም ራሱን እንደሚዘጋ ሁሉ፣ ሕፃኑም ወላጁ «ባልተፈጠረ» ብሎ እንደሚመኝ ስለ ተሰማው ራሱን በምሽግ ውስጥ ዘጋ ይላል። በዚህ ምሳሌ ሕፃኑ እስረኛ ከሆነ ዘበኛው ማን እንደ ሆነ ለአንባቢ አይጠፋውም።

የሰውዬውን ብዕር ግን ማቃለል አይቻልም። የሎሪን፣ የማርሻንና የጆይን ታሪክ ሲተርክ መጽሐፉን ለማስቀመጥ ያስቸግራል፤ ጆይ የተባለው ልጅ ራሱን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን አድርጎ የሚቆጥርበት ክፍል በተለይ ከአእምሮ አይጠፋም። ችግሩ ያለው ከዚያው ከብዕሩ ላይ ነው። ቤተልሃይም የልጆቹን እያንዳንዱን ድግግሞሽ እንደ ቅኔ ይፈታዋል። ማርሻ ስለ አየር ሁኔታ ደጋግማ ታወራ ነበር። አየር ሁኔታ በእንግሊዝኛ «ዌዘር» ይባላል። ይህን ቃል ሰንጥቆ «ዊ ኢት ኸር»፣ ማለትም «እንበላታለን»፣ የሚል ኅብረ ቃል አወጣለትና ልጅቱ እናቴ ትበላኛለች ብላ እንደምትፈራ ነገረን! የጎጃም የቅኔ መምህር እንኳ ተማሪው እንዲህ ያለ ሰምና ወርቅ ቢያመጣለት «ወርቁን ከየት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቤተልሃይምን ግን ለብዙ ጊዜ የጠየቀው ሰው ጥቂት ነው።

ሕፃናት ለምን እንደሚወዛወዙ ቅኔ ሳይፈታ በትዕግሥት የተመለከተ ሌላ ሰው አለ። አስቴር ቴለን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ 20 ጤነኛ ሕፃናትን ከተወለዱ ከጥቂት ሳምንት ጀምሮ አንድ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በየሁለት ሳምንቱ በቤታቸው እየሄደች ተመለከተች። በ1979 ባሳተመችው ጽሑፍ 47 ዓይነት ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ መዘገበች፤ እግር መወርወር፣ እጅ ማርገብገብ፣ መወዛወዝ፣ ዕቃ መደብደብ። ሁሉም ጤነኞች ነበሩ፤ ሁሉም ይደጋግሙ ነበር። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የሚጀምርበት፣ የሚበረታበትና የሚቀንስበት ዕድሜ አለው። ሕፃን በእጅና በጉልበት ተደግፎ የሚወዛወዘው ሊድህ ሲቃረብ ነው፤ አካሉን መቆጣጠር ጀምሯል፣ ነገር ግን ገና አልጨረሰም።

እንግዲህ የስምንት ወሯ ሕፃን መወዛወዝ ይህ ነው። እናቷ ከጓዳ ስትወጣ ውዝዋዜዋን አቁማ ቀና ትላለች፤ ስሟ ሲጠራ ትዞራለች፤ ሲስቁላት ትስቃለች። በስልኩ ፊልም ላይ የጎደለው ይኸው ነው። ፊልሙ እጅን ብቻ አሳየ እንጂ ሕፃኑ ማንን እያየ እንደሚያርገበግብ አላሳየም።

ታዲያ ወላጅና መምህር ምን ይመልከት? ዘጠኝ ወር ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በፊቱ ደስታም ቁጣም የማይታይበት ሕፃን ይመርመር። አንድ ዓመት ሲሞላው በእጁ ቻው ማለትን የመሰለ ምልክት የማያሳይ፣ ጭብጨባና ፊት ሸፍኖ መግለጥን በመሰለ ጨዋታ የማይተባበር እንደዚሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው አውሮፕላን ወይም ፍየል አይቶ «እዩልኝ» ለማለት ጣቱን የማይዘረጋ ልጅ ደግሞ በተለይ ያሳስባል። ለመጠየቅ ማመልከት አንድ ነገር ነው፤ ያዩትን ለሌላው ለማካፈል ማመልከት ሌላ ነው። ድግግሞሽም ፈጽሞ ዋጋ የለውም አንልም። በኋላ ኦቲዝም በታወቀባቸው ልጆች ዘንድ፣ በዓመታቸው ገደማ ዕቃን ደጋግሞ ማሽከርከርና ዕቃን በጎን ዓይን ትኩር ብሎ መመልከት በርክቶ እንደ ተገኘ ተጠንቷል። ጀምሮት የነበረውን ቃል ወይም ምልክት የተወ ልጅ ካለ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ቀጠሮ አይቆጠርለትም።

ከዚህ ሁሉ የተለየና ከኦቲዝምም ጋር መምታታት የሌለበት አንድ ድግግሞሽ አለ፤ ስለ እርሱ ዝም ብንል ጥፋት ይሆንብናል። በአንደኛው ዓመት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ ሕፃኑ ድንገት ወደ ፊት እጥፍ እያለ እጆቹን ይዘረጋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይደግመዋል፣ እንደገናም ይደግመዋል። ዊሊያም ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1841 በገዛ ልጁ ላይ አይቶ ለላንሴት መጽሔት ጻፈው። እጅ የሚነሣ ሰው ስለሚመስል በዐረብኛው ሰላምታ «ሰላም» ተብሎ ነበር የተጠራው። ሰላምታ ግን አይደለም፤ አእምሮን የሚጎዳ የሚጥል በሽታ ነው። ያየ ሰው በዚያው በሚያስፈራራው ስልክ ፊልም አንሥቶ በዕለቱ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ወደ መጽሐፉ ክስ እንመለስ። ኦቲዝምን በ1943 ለዓለም ያስተዋወቀው ሊዮ ካነር የመረመራቸው 11 ልጆች ነበሩ፤ ችግሩም ከልደት የመጣ እንደሚመስለው ጽፎ ነበር። ነገር ግን ወላጆቹ ቀዝቃዞች መሆናቸውንም አክሎ ስለ ነበር የተያዘው ይህኛው ቃል ሆነ። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያና የእንዲህ ያለ ልጅ አባት፣ ክሱ ማስረጃ የሌለው መሆኑን በመጽሐፍ አሳየ። ቤተልሃይም «ባዶው ምሽግ»ን ያሳተመው ከዚያ በኋላ ነው፤ አልሰማሁም ሊል አይችልም። ካነር ራሱ በ1969 በወላጆች ጉባኤ ፊት ቆሞ ወላጆቹን ነጻ አወጣቸው። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ረተር 21 ጥንድ መንታዎችን መረመሩ። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከሁለት ዕንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱም አልነበረባቸውም። እናት ያው አንዲት እናት ናት፤ የተለየው የዘር ውርሱ ነው።

በፈረንሳይኛ ዓለም ግን መጽሐፉ ረጅም ዕድሜ አገኘ። በ1974 ስለ ቤተልሃይም ትምህርት ቤት የተሠሩ ፊልሞች በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ታዩ፤ የፈረንሳይ የጤና ከፍተኛ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት የትምህርትና የባሕርይ ሥልጠናን አስቀድሞ ያቀረበው በ2012 ነው። የፈረንሳይኛ መጽሐፍ በሚነበብበት ከተማ አንድ ጡረተኛ ይህን መጽሐፍ እንደ ሕግ ቢጠቅስ ሊደንቀን አይገባም። ሰውዬው ከሞተ በኋላ የቀድሞ ተማሪዎቹ ይመታን ነበር ብለው መመስከራቸውን፣ ሪቻርድ ፖላክም በ1997 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ብዙ ነገር ማጋነኑን ማጋለጡን አዛውንቱ አልሰሙም።

እኛስ? በምናስተምርበት ተቋም የሕፃናት ዕድገት ትምህርት ማስታወሻ ላይ «የእናት ፍቅር ማነስ ልጁን ከሰው ያርቀዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ከማን እንደ ተቀዳ አይታወቅም፤ እኛም ሁለት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈነዋል፣ ሰልጣኞችም ገልብጠውታል። ከእነዚያ ሰልጣኞች ስንቱ ዛሬ በየገጠሩ ለእናቶች ይህንኑ እየነገረ ይሆን? አዛውንቱን ስንተች ይህን ሸሽገን ማለፍ አልቻልንም።

ክሱ መጽሐፍ ሳያሻውም ይኖራል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። አንዳንዱ የወሊድ ችግርን፣ ሌላው ክፉ መንፈስን ወይም ኀጢአትን ምክንያት አድርጎ አቀረበ፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉት እናፍራለን አሉ፤ ሩብ ያህሉ የልጃቸውን ነገር ለመሰወር ይጥሩ ነበር። የቋንቋ ነገርም እንደዚሁ ነው፤ በሁለትና በሦስት ቋንቋ መካከል ማደግ ኦቲዝምን አያመጣም፣ ስሙ ሲጠራ እንዳይዞርም አያደርገውም። ስለ ክትባት የተወራውም በ1998 በላንሴት ወጥቶ በ2010 በተሻረ ጽሑፍ ላይ የቆመ ነው። በዚያ ወሬ ምክንያት በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚኖሩ ሱማሌዎች ዘንድ ክትባቱ ቀንሶ በ2017 ኩፍኝ ገባባቸው። በካርቲየ 7 ቢስ ሚኒሶታ ዘመድ ያለው ሰው ስለማይጠፋ ወሬው በስልክ ደርሷል።

በአገራችን ይህን ዝምታ በግልጽ ከሰበሩት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ሁነኛ ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩት እኚህ ሴት በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ እስኪያርፉም ድረስ በአደባባይ ስለ ልጃቸው ከመናገር አልቦዘኑም። ቤተልሃይም ቢያገኛቸው የትኛውን የምሽግ ዘበኛ ያደርጋቸው ነበር?

የልጁ እናት የአዛውንቱን ሐሳብ በሰው በሰው ሰምታ ኖሯል ልጁን ወደ ደጅ ማውጣት ትታ ነበር። በዕረፍት ቀኗ ከአክስታችን ጋር ሄደን አነጋገርናት። መጀመሪያ ጆሮው ተመረመረ፤ ደኅና ነው ተባለ። ቀጥሎ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ተያዘለት። ሐኪሙ ፈረንሳይኛ እንጂ አማርኛ ስለማይችል፣ አንድ ምሽት እርሷ እየነገረችን ያየችውን ሁሉ በወረቀት ጻፍን፤ መቼ እንደ ሳቀ፣ መቼ እንደ ሄደ፣ በዓመቱ «ማማ» ይል እንደ ነበርና በኋላ እንደ ተወው፣ ክዳኖቹን ማን ቢነካበት እንደሚጮኽ፣ ስትዘፍንለት ግን ቀረብ ብሎ ደረቷን በጆሮው እንደሚያዳምጥ። ወደ ፈረንሳይኛ የገለበጡልን አዛውንቱ ናቸው።

ከመጨረሻው መስመር ሲደርሱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «እናቱ ሥራ የምትውል መሆኗን ልጨምርበት?» አሉን።

«ሐኪሙ ከጠየቃት ራሷ ትነግረዋለች፣ አባባ» አልናቸው።

ብዕሩን ጥቂት ይዘው ቆዩና ወረቀቱን አጥፈው ለእርሷ ሰጧት። መጽሐፋቸውንም በማግስቱ መለስንላቸው።