በረኛን ከእግሩ ጀምሮ መመዘን

በረኛ ተወርውሮ ኳስ ሲያወጣ ስታዲየሙ በጩኸት ይናጋል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ከመወርወሩ በፊት የት ቆሞ እንደነበር ነው። ቀደም ብሎ ሁለት እርምጃ ተጠግቶ ቦታውን የያዘ በረኛ ያችኑ ኳስ ደረቱ ላይ ይቀበላታል፤ ማንም አያጨበጭብለትም። ይህን ማየት ለመልመድ ከጣሊያኑ ዲኖ ዞፍ የተሻለ በረኛ አላውቅም። ለብሔራዊ ቡድኑ 112 ጊዜ ተሰልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የአውሮፓ ዋንጫን፣ በ1982 ደግሞ በ40 ዓመቱ በአምበልነት የዓለም ዋንጫን አንስቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ አፍ የሚያስከፍት ዝላዩን አሳየን ብትሉኝ ብዙ አላገኝላችሁም።

ፈልጋችሁ እዩ የምለው ጨዋታ በዚያው ዓለም ዋንጫ ጁላይ 5 ቀን 1982 ባርሴሎና በሚገኘው ሳሪያ ስታዲየም የተደረገውን ነው። ጣሊያን ብራዚልን 3 ለ 2 እየመራች ነው፤ ብራዚል ለማለፍ አቻ ይበቃታል። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር የብራዚሉ ኤደር ከግራ በኩል ቅጣት ምት አሻማ፤ ተከላካዩ ኦስካር ዘሎ በግንባሩ ወደ ታች ገጫት። እንዲህ ያለች ኳስ ለበረኛ ክፉ ናት፤ ነጥራ ወዴት እንደምትሄድ አታስታውቅም። አብዛኛው በረኛ በመዳፉ ገፍቶ ማውጣትን ይመርጣል፤ አይፈረድበትም። ዞፍ ግን ወድቆ መስመሩ ላይ ጭምቅ አድርጎ ያዛት። ብራዚላውያን ገብታለች ብለው እጃቸውን ሲያነሱ ኳሷ ከመዳፉ ሥር ንቅንቅ አላለችም። ቢተፋት ኖሮ አጠገቡ ያሉት ቢጫ ለባሾች ይጨርሷት ነበር። ስለዚህ በረኛ ኳስ ሲያድን፣ ካዳነ በኋላ ኳሷ የት ደረሰች ብላችሁ ጠይቁ፤ እጁ ውስጥ፣ ወደ ጎን፣ ወይስ ተመልሳ አጥቂው እግር ሥር?

በዚያው ጨዋታ ቀደም ብሎ የብራዚሉ ሶቅራጥስ ለመቺው በሚቀርበው ቋሚ በኩል አስገብቶበታል። በቋሚውና በበረኛው መሃል ሾልካ የምትገባ ኳስ የበረኛው ዕዳ ናት፤ ዞፍም ከዚህ አይድንም። ቀጥሎ የሚያደርገው ነው የሚመዘነው። ብዙዎች ለማካካስ ሲሉ ያለ ጊዜያቸው ይወጣሉ፣ ወይም መስመሩ ላይ ተቸንክረው ይቀራሉ፤ ዞፍ ግን የኦስካርን ኳስ ጨምቆ የያዘው ከዚያ ጎል በኋላ ነው።

የዞፍን ክብረ ወሰን ብዙም አልቆጥረውም። ከ1972 እስከ 1974 ድረስ ለብሔራዊ ቡድኑ 1,142 ደቂቃ ጎል ሳይገባበት ተጫውቷል፤ ያን ያቆመው የሄይቲው ኢማኑኤል ሳኖን ነው፤ ሙኒክ ላይ ተከላካዩን በሩጫ ጥሎ፣ ዞፍንም አልፎ አገባ። ቁጥሩ ያምራል፤ ግማሹ ግን የተከላካዮቹ ነው። (ቁጥር ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ሲገጥመኝ ወሬ እቀይራለሁ።) በእግር አጨዋወቱም አትመዝኑት፤ ተከላካይ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይነካ የከለከለው ሕግ የመጣው በ1992 ነው።

ለመመዘን የሚከብደው ከሩቅ የሚገባ ጎል ነው። በ1978ቱ የአርጀንቲና ዓለም ዋንጫ በሆላንዱ አሪ ሃንና በብራዚሉ ኔሊኞ ከሩቅ ሲገባበት፣ አረጀ፣ ዓይኑም ደክሟል ተባለ። ሁለቱ ጎሎች ግን አንድ አይደሉም። ሃን የመታት ከሩቅ ነው የመጣችው፤ ለማየት ጊዜ ነበረው፤ በእኔ ዓይን ዞፍ ዘግይቶ ነው የወደቀው። የኔሊኞዋ ግን ከቀኝ ጠርዝ ተመትታ ወደ ውጭ የምትወጣ መስላ ተጠምዝዛ የገባች ናት፤ እሷን የሚያስይዝ አቋቋም አለ የሚል ካለ ያሳየኝ።