አንገቱ ከገላው የሚገጥምበት

ቤዝ ጊታርን በደንብ ለማየት መገልበጥ ይሻላል። ፊቱ ለተመልካች የተሠራ ነው። ጀርባው ሥራውን ያሳያል። በብዙዎቹ ቤዞች ላይ ከአንገቱ ሥር አራት ማዕዘን ብረት አለ፤ በብረቱ ማዕዘኖች ላይ አራት ብሎኖች አሉ። አንገቱን ከገላው ጋር የያዙት እነዚህ ብቻ ናቸው። ኮላ የለውም።

ብሎኖቹ ሲፈቱ ገላው ላይ ለአንገቱ የተቦረቦረው ጉድጓድ ይታያል። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ዝርግ መሆን አለበት። አንገቱ ሲገባ በመዳፍ ተገፍቶ ትንሽ ታግሎ መግባት አለበት። ጥሩ የተሠራ ከሆነ፣ ብሎኖቹ ገና ሳይገቡ መሣሪያውን በአንገቱ ይዞ ማንሳት ይቻላል፤ ገላው አይወድቅም። እንጨቱ እንጨቱን ይዞታል።

አሁን ከፊቴ ያለው ቤዝ ጅግጅጋ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ወዳጄ ንብረት ነው። ከጭንቅላቱ ላይ የሠሪው ስም ተፍቋል። የአንገቱ ጉድጓድ በአንድ ጎን ልክ ነው፤ በሌላው ጎን ወረቀት ያስገባ ነበር። ወዳጄ ክፍተቱን በስስ የእንጨት ልጣጭ ሞልቶታል። የልጣጩ ጭረት ከገላው ጭረት ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ማንም በማያየው ቦታ ላይ ይህን ማሰቡ ገረመኝ።

«ዋላል፣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እዚህ ዳብሰው» አለኝ። «ድምፁን ኋላ ትሰማዋለህ።»

ይህን የብሎን አገጣጠም በቤዝ ላይ ያስለመደው ሊዮ ፌንደር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፉለርተን በምትባል ከተማ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ባስ ተጫዋች የሰው ቁመት የሚያህል ኮንትራባስ ይሸከም ነበር። ፌንደር የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ በ1938 እ.ኤ.አ. የራሱን ሱቅ ከፍቶ ሬዲዮና ማጉያ ሲጠግን ኖሯል። ጊታር መጫወት አልተማረም። ቤዙን ያየው በጠጋኝ ዐይን ነው፤ የሚበላሸው ሁሉ በካቻቢቴ እንዲፈታ፣ የተሰበረው አንገት በሌላ እንዲተካ። ስልክ ጠጋኙ ወዳጄ ይህን መሣሪያ ማንም ሳያስተምረው ፈትቶ የገጠመው ለዚህ ይመስለኛል። የተሠራበት ሐሳብ ከእሱ ሙያ የመጣ ነው።

ወደ ልኩ እንምጣ። ክሩ የሚንቀጠቀጥበት ርዝመት፣ በአንገቱ ጫፍ ካለው የክር መቀመጫ ገላው ላይ ክሮቹ እስከሚያርፉበት ብሪጅ፣ 34 ኢንች ነው፤ 86.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አንገቱን የሚያቋርጠው የመጀመሪያው ብረት፣ ፍሬት፣ የሚተከልበት ቦታ የሚገኘው ይህ ርዝመት ለ17.817 ሲካፈል ነው፤ 48.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከዚያ የቀረው ርዝመት እንደገና ለዚያው ቁጥር ይካፈላል። ሁለተኛው ፍሬት ከመጀመሪያው በ45.7 ሚሊ ሜትር ይርቃል። እንዲህ እየጠበበ ሄዶ በ19ኛውና በ20ኛው መካከል 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል። 12ኛው ፍሬት በትክክል መሀል ላይ ያርፋል። በዓይን ሲታይ ጥበቱ ሳይዘል የሚወርድ ነው፤ አንድ ፍሬት ቢዛነፍ ጆሮ ያገኘዋል።

ነገር ግን ስሌቱ ብቻውን አይበቃም። ክር ወደ ፍሬቱ ሲጫን ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል። ወፍራሙ ክር ከቀጭኑ በላይ ይሳሳታል። ስለዚህ ብሪጁ ላይ አራቱ ክሮች የሚያርፉባቸው ቁራጮች በአንድ መስመር አይቆሙም። የወፍራሙ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የቀጭኑ ወደ ፊት ይቀርባል። ቁራጮቹ በሰያፍ ተሰልፈው ካየሁ አንድ ሰው በትዕግሥት እንዳስተካከላቸው አውቃለሁ። ሁሉም እኩል ተደርድረው ካየሁ መሣሪያው ከሳጥኑ ከወጣ ጀምሮ ማንም አልነካውም ማለት ነው።

አራቱ ክሮች በጥቅሉ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። አንገቱ ለዚህ ጉልበት እንዳይጎብጥ በውስጡ የብረት ዘንግ ተቀብሯል፤ ዘንጉ በብሩጎላ ይጠብቃል፣ ይላላል። አንገቱ ፍጹም ቀጥ ማለት የለበትም። ክሩ ሲንቀጠቀጥ መሀሉ ላይ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ፣ አንገቱ ጥቂት ወደ ውስጥ መጎድጎድ አለበት። ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ይጫኑት፤ በ7ኛው ፍሬት አካባቢ ከክሩ ሥር 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈለጋል።

ጅግጅጋ ላይ ይህ ክፍተት ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል። ከተማዋ ከካራማራ ተራራ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ናት። ሶማሌዎች ጅላል በሚሉት የበጋ ወቅት አየሩ ይደርቃል፣ ነፋሱ አቧራ ያነሳል። እንጨት እርጥበቱን ሲያጣ በወርዱ ይጠብባል፤ ብረት ግን አይጠብብም። ስለዚህ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ብቅ ይልና መዳፍን ይቧጭራል። ወዳጄ ጫፎቹን በደቃቅ ሞረድ፣ አንድ በአንድ፣ በሰያፍ አስተካክሏቸዋል። ሞረዱ እንጨቱን እንዳይነካ በየሁለቱ ፍሬቶች መካከል የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ ነው የሠራው። ዘንጉን ሲያጠብቅ ደግሞ ሩብ ዙር ብቻ ያዞራል፤ ከዚያ አስቀምጦ ሱቁን ይዘጋል። እንጨት ለትእዛዝ ወዲያው አይገዛም፤ ጠዋት ሲመለስ ነው ውጤቱን የሚለካው። ሌላ ሩብ ካስፈለገ ያኔ ይጨምራል።

ፕላስቲክ ሽፋኑን ሲያነሳ የኤሌክትሪክ ሥራውን አየሁት። ይህ የራሱ ሙያ ነው። እያንዳንዱ የስታኞ ነጥብ ትንሽና አንጸባራቂ ነው፤ የተንጠባጠበ የለም። ሽቦዎቹ በአንድ በኩል ተጠምጥመው ይሄዳሉ። ከብሪጁ ሥር የሚመጣው የመሬት ሽቦም ቦታውን ይዟል።

የፒካፑ ነገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ፒካፕ ማግኔትና በዙሪያው ከፀጉር በቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ ጥቅል ነው። የብረት ክር ከማግኔቱ በላይ ሲንቀጠቀጥ ጥቅሉ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ችግሩ ጥቅሉ የክሩን ብቻ አለመስማቱ ነው፤ በአካባቢው ያለውን የመብራት ኃይልም ይሰማል። የኢትዮጵያ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ክፍቱን ሲመታ 41.2 ሄርዝ ነው። በ3ኛው ፍሬት ላይ 49፣ በ4ኛው 51.9 ይሆናል። የመብራቱ እምምታ የሚገባው በእነዚህ ሁለት ፍሬቶች መካከል ነው። ከቤዙ ድምፅ ክልል ውጭ ቢሆን በማጣሪያ ይቆረጥ ነበር፤ ይህ ግን በቤቱ መሀል የተቀመጠ ነው። ከቆረጡት ቤዙም አብሮ ይቆረጣል።

በ1957 እ.ኤ.አ. ፌንደር ፒካፑን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ግማሽ ሁለቱን ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ሁለቱን ቀጭን ክሮች ይሰማል። የሁለቱ ማግኔቶች አቅጣጫ ተቃራኒ ነው፤ የጥቅሎቹ ዙርም ተቃራኒ ነው። ለክሩ ሁለቱ ግልበጣዎች ተጣፍተው ድምፁ ደህና ይወጣል። ለመብራቱ እምምታ ግን ማግኔት አይመለከተውም፤ አንዱ ጥቅል ወደ ላይ ሲገፋው ሌላው ወደ ታች ይገፋዋልና ይሞታል። ጄነሬተር ከድንኳኑ ጀርባ በሚያጓራበት የሰርግ ምሽት ይህ ብልሃት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የሚያውቀው ተጫዋቹ ነው።

እርግጥ ነው፣ በጅግጅጋ ሰርግ ላይ ብዙ ጊዜ ቤዙን የሚጫወተው የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ነው። ቤዝ ጊታር የሚይዙት ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂት በመሆናቸውም ይፈላለጋሉ። ከሰዓት በኋላ በስልክ ጠጋኙ ሱቅ የኋላ ክፍል ይሰበሰባሉ፤ ሻይ ይመጣል፣ መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ያረጀ ክር አይጣልም። በድስት ይቀቀላል፤ በጥምጥሙ መካከል የገባው ላብና አቧራ ይወጣል፤ በጨርቅ ደርቆ ተመልሶ ይታሰራል። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ጥራቱን ይመልሳል።

ከመካከላቸው አንዱ አስተማሪ ነው፤ የጀመረውም ሶማሌዎች ካባን በሚሉት ዑድ ነው። ካባን በሶማሌ ዘፈን ውስጥ ሥር የሰደደው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሙ ከሙዚቀኛው አብዱላሂ ቀርሼ ጋር ይነሳል። ዑድ ፍሬት የለውም። ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ ይሄዳል። ይህ ሰው ፍሬት ያለው ቤዝ ሲጫወት ጣቱ የብረት ደረጃ እየመታ አላረካውም። ስለዚህ ከቤዙ ላይ ፍሬቶቹን ነቀላቸው። አሜሪካዊው ጃኮ ፓስቶሪየስም ዓለምን ያስደነቀው ፍሬት በሌለው ጃዝ ቤዝ ነው። የፍሬት ስንጥቅ ስፋቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አስተማሪው እያንዳንዱን ስንጥቅ ነጣ ባለ እንጨት ስስ ቁራጭ ሞላው፣ በኮላ አጣበቀው፣ ኮላው ሲደርቅ ትርፉን በስለት ቆረጠው፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከለው። ጣቴን ከዳር እስከ ዳር አሳለፍኩ። ጥቁሩ እንጨት የት እንዳበቃና ነጩ የት እንደጀመረ በዓይን ይታያል፤ በጣት አይገኝም።

ተሰብስበው ሲጫወቱ ብዙ ጊዜ የሚመለሱት ወደ ጆቫኒ ሪኮ ነው። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነበር። የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በ1975 እ.ኤ.አ. ከዘፋኙ ጋር የሠሩት አይቤክሶች ናቸው። ችክችካ የሚባለው ስልት ስድስት ምት ይቆጥራል፤ ቤዙ የት መግባትና የት ዝም ማለት እንዳለበት ካልተጠነቀቀ ይጨናነቃል። የሪኮ ቤዝ በብዛት ቦታ ይተዋል። ስልክ ጠጋኙ ወዳጄ አንዱን ዙር ደጋግሞ ሲያጠና፣ ከተመታው ይልቅ ክሩ በመዳፍ የሚታፈንበትን ሰዓት ነው የሚከታተለው።

ስለ መንዘር አንድ ነገር ልበል። በገናን የሚያውቅ ሰው በየክሩና በድልድዩ መካከል የምትገባውን ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራን፣ ያውቃል። አሥሩ የአንጀት ክሮች ያን የሚነዝር ድምፃቸውን የሚያገኙት ከእሷ ነው። ደርዳሪው እንዚራዋን በጣት ጥቂት ገፋ፣ ጥቂት ሳብ እያደረገ መንዘሩን ይፈልጋል፤ እስኪያገኘው አይጀምርም። ቤዝ ጊታር ላይ ግን ተመሳሳዩ ድምፅ ጥፋት ነው፤ ክሩ የማይገባውን ብረት ነክቷል ማለት ነው። አንዱ መሣሪያ ሠሪ የሚፈልገውን ሌላው ያሳድደዋል፤ ሁለቱም የሚሠሩት ግን ከሚሊ ሜትር ባነሰ ክፍተት ላይ ነው።

የወዳጄ ቤዝ ኤ ክሩ ክፍቱን ሲመታ ይነዝር ነበር። ፍሬት ሲያዝ ይጠራል። ስለዚህ ጥፋቱ ከፍሬቶቹ አይደለም፤ በአንገቱ ጫፍ ካለው የክር መቀመጫ ነው። የመቀመጫው ፕላስቲክ ተበልቶ ክሩ የሚያርፍበት ቦይ ጠልቋል። በምትኩ አዲስ ከግመል አጥንት ሠራ። አጥንት ለጅግጅጋ ብርቅ አይደለም፤ ግን እንዲሁ ቢወሰድ ቅባቱ ይሸታል፣ ይቢጫል። መጀመሪያ ተቀቀለ፤ መቅኒውና ስቡ ወጣ። ከዚያ ጥላ ላይ ደረቀ። በቀጭን መጋዝ ተቆረጠ። ወለሉ በጠረጴዛ መስታወት ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት እየተፈገፈገ ዝርግ ሆነ።

የመቀመጫው ወርድ 41 ሚሊ ሜትር ነው። ከእያንዳንዱ ጠርዝ 3.5 ሚሊ ሜትር ሲተው 34 ይቀራል። አራቱ ክሮች ከ1.14 እስከ 2.67 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ፤ ውፍረታቸው ሲደመር 7.6 ገደማ ነው። ከ34 ላይ ይህ ተቀንሶ ለሦስት ሲካፈል በክር ጎንና በክር ጎን መካከል 8.8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከመሀል እስከ መሀል እኩል ቢከፈል ኖሮ ወፍራሞቹ ተጠግተው፣ ቀጭኖቹ ተራርቀው ይታዩ ነበር። ጣትም ይህን ያውቃል።

ቦዩ ወደ መቃኛ ቁልፎቹ በኩል ዝቅ ይላል። ክሩ የመጨረሻ የሚነካው ነጥብ በፍሬቶቹ በኩል ያለው ጠርዝ መሆን አለበት፤ ወደ ኋላ ከሸሸ ድምፁ ይደበዝዛል። የቦዩ ጥልቀት የክሩን ግማሽ ያህል ይይዛል፤ ሌላው ግማሽ ከላይ ይታያል። ወዳጄ ሞረዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ይስብና ያቆማል፤ ክሩን ያስቀምጣል፤ በ3ኛው ፍሬት ላይ ይጫነዋል፤ በ1ኛው ፍሬት ላይ የቀረውን ክፍተት በብርሃን ላይ ያያል። ጭላንጭል ብቻ ሲቀር ሞረዱን አኖረ። ኤ ክሩን ክፍቱን መታው። አልነዘረም።

ከዚያ ሁሉንም አላቆ ከአጥንቱ ሥር አንድ ጠብታ ኮላ ብቻ አደረገ፤ ጠብታዋም መሀል ላይ እንጂ ዳር ላይ አይደለችም። ጭነቱን የሚይዙት ክሮቹ ናቸው፤ ኮላው ቁራጩ ክር በሚቀየርበት ጊዜ እንዳይወድቅ ነው። አጥንቱ ሲበላና ሌላ ሲያስፈልግ፣ ያኔ የሚሠራው ሰው በእንጨት ቁራጭ በጎኑ ቀስ ብሎ መታ ቢያደርገው ሳይሰነጠቅ ይወጣል።